ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አቀያየር

«የካምቢዮውን ዘይት ከነካኸው መኪናህ ይቆማል።» አውቶማቲክ መኪና ኖሮት ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያገለገለች የ2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ስገዛ ቆጣሪዋ 240 ሺህ ኪሎ ሜትር ይል ነበር። ሻጩ የሞተር ዘይት መቼ መቼ እንደቀየረ በደብተር ጽፎ አሳየኝ፤ ስለ ካምቢዮው ስጠይቀው ግን «እሱ አይነካም» አለኝ። አምኜው ሁለት ዓመት ነዳሁ። አንድ ቀን ማለዳ የካምቢዮውን መለኪያ ዘንግ መዝዤ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ባደርገው የወረደው የጀበና አተላ መሰለኝ። አዲስ ሲሆን እንደ ቀይ ወይን ጠርቶ የሚታይ ዘይት ነው።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የዘመድ ወዳጅንም መኪና ዘይት በገዛ እጄ ቀይሬአለሁ። ያረጀ ካምቢዮ አዲስ ዘይት ስለገባለት ብቻ ሲሞት አላየሁም። የሚጎዳው ዓይነቱ ያልሆነ ዘይት ሲገባበት፣ ልኩ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ነው። ደግሞም ቀድሞውኑ ያለቀለት ካምቢዮ «ምናልባት በዘይት ይድናል» ተብሎ ይሞከራል፤ በማግስቱ ሲቆም ጥፋቱ በዘይቱ ላይ ይደፈደፋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመፍታቱ ይልቅ በምርመራውና በልኬቱ ላይ ጊዜ ይወስዳል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ በእጃችን ያለውን መኪና ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ግድ ሆኖብናል። የካምቢዮ ማሠሪያ ዋጋ አንድ ጊዜ የጠየቀ ሰው ጥቂት ሊትር ዘይት ውድ ነው አይልም።

ዘይቱ የሚሠራው ሥራ

የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ጥርሶችን ከማለስለስ ያለፈ ብዙ ሥራ የለውም። የአውቶማቲኩ ግን ራሱ የማሽኑ አካል ነው። የሞተሩን ጉልበት በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ባለው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ የሚያስተላልፈው ዘይቱ ነው፤ በግፊቱ ማርሽ የሚቀይረውም እሱ ነው። ማርሹን የሚያስይዙት የውስጥ ፍሪሲዮን ሸራዎች በትክክለኛው መጠን ተንሸራተው እንዲይዙ ያደርጋል፤ ሙቀቱንም ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስዳል። የሚገድለውም ሙቀት ነው። ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል የሚል የቆየ የሙያ ግምት አለ። በአዲስ አበባ መንገድ በመጨናነቅ ሰዓት ቆም ቀጠል ማለት፣ ዳገት ላይ በዝግታ መውጣት፣ አምስት ሰው ጭኖ መሄድ፣ ሁሉም ቶርክ ኮንቨርተሩን የሚያግሉ ነገሮች ናቸው። «ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ዘይት» የሚለውን አባባል እዚህ አገር ለሚነዳ መኪና አልቀበለውም።

መጀመሪያ ካምቢዮውን ይመርምሩ

ጠዋት መኪናው ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥተው፣ ፍሬን እንደረገጡ ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ ያስገቡ። ማርሹ ቶሎ መያዝ አለበት። ሁለትና ሦስት ሰከንድ ቆይቶ በድንገት ዱብ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የውስጡ ግፊት ተዳክሟል ወይም ዘይቱ ጎድሏል ማለት ነው። ቀጥሎ ዳገት ያለበት መንገድ ይውሰዱት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ነዳጅ ሲሰጡ የሞተሩ ጩኸት ከፍ እያለ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ሸራዎቹ እየተንሸራተቱ ነው። ሸራው ካለቀ ዘይት አይመልሰውም፤ ገንዘብዎን ለጥገናው ያቆዩት።

በሌላ በኩል በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል ቀለል አድርገው ነዳጅ ሲሰጡ፣ አስፋልት ላይ እየሄዱ ኮብልስቶን ላይ ያሉ ያህል የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ተስፋ አለ። ይህ ብዙ ጊዜ የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ሸራ በደከመ ዘይት ምክንያት በትክክል አለመያዙ ነው። ዘይቱ ሲታደስ የተሻለው ጥቂት መኪና አይደለም።

አሁን ዘንጉን መዝዘው ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ። ቡናማ ሆኖ ጠረኑ ደህና ከሆነ አርጅቷል፤ ይቀየራል። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ጎማ ዓይነት ሽታ ካለው ሸራ ተቃጥሏል። ይሁን እንጂ ካምቢዮው በደንብ ማርሽ የሚይዝ ከሆነ አሁንም በጥንቃቄ መቀየር ይቻላል፤ የሚሆነውን አውቀው ግን ይግቡበት። በጠብታው ውስጥ በፀሐይ የሚያብለጨልጩ ብናኞች ካዩ ብረት እየተበላ ነው። ሮዝ ወተት የመሰለ ከሆነ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ከዘይቱ ተቀላቅሏል። የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣው በብዙ መኪኖች ራዲያተሩ ውስጥ ስለሆነ እዚያ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ይገናኛሉ። ይህ ከሆነ መኪናውን አያስነሡት። ራዲያተሩ ሳይስተካከል ዘይት መቀየር ትርፉ ድካም ነው።

ወረቀቱን አይጣሉት። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉበት፤ ኋላ ያስፈልገናል።

የትኛው ዘይት

ብዙ ካምቢዮ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ብሎ መግዛት «መድኃኒት ስጠኝ» ብሎ ፋርማሲ እንደመግባት ነው። ቶዮታ ለቀድሞዎቹ ቲ-ፎር የሚባለውን፣ ለኋለኞቹ ደግሞ ደብሊው ኤስ የሚባለውን ያዝዛል። ደብሊው ኤስ ከቲ-ፎር የቀጠነ ስለሆነ አንዱ ለሌላው አይተካም። ኒሳን ማቲክ-ዲ፣ ማቲክ-ጄ፣ ማቲክ-ኤስ የሚላቸው አሉት። ሆንዳ ዜድ-1 ይል ነበር፤ በኋላ በዲደብሊው-1 ተክቶታል። ሀዩንዳይ ኤስፒ-3 እና ኤስፒ-4 አለው። የእኔ ኮሮላ ቲ-ፎር ነው። ይህንን ለማወቅ መጽሐፍ እንኳን አላስፈለገኝም፤ የመለኪያ ዘንጉን ብረት በጨርቅ ስጠርገው የዘይቱ ስም በላዩ ላይ ተቀርጾ ነበር። እርስዎም መጀመሪያ ዘንግዎን ይጥረጉና ያንብቡ።

ቪትዝ ያላችሁ ደግሞ ይህን በተለይ ልብ በሉ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ ቪትዞች ካምቢዮአቸው ሲቪቲ ነው። እንደ ተለመደው አውቶማቲክ ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ ይላል፤ ውስጡ ግን ማርሽ ሳይሆን በብረት ቀበቶና በሁለት ፑሊዎች የሚሠራ ነው። የሚጠጣው የሲቪቲ ዘይት ብቻ ነው። ተራ የካምቢዮ ዘይት ከገባበት ቀበቶው ፑሊውን መጨበጥ ያቅተዋል። በአንድ ጋራዥ «ሁሉም ቀይ ዘይት አንድ ነው» ተብሎ የተሞላለት የጎረቤቴ ቪትዝ በአንድ ወር ውስጥ ማልቀስ ጀምሮ መጨረሻው ሌላ ካምቢዮ መግዛት ሆነ። ያን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ የጣሳው ክዳን ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን፣ ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም ፊደል የጎደለው አለመሆኑን ይዩ። ተቀድቶ የሚሸጥ ዘይት ለካምቢዮ አይግዙ። ዘይቱን የምንቀይረው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ዙር ነው፤ ለመጀመሪያው ዙር 4 ሊትር ይበቃል። ሦስቱንም ዙር አንድ ላይ ለመግዛት ካሰቡ 10 ሊትር ይያዙ።

ዕቃ ማሰናዳት

ክሪክ፣ መኪናውን የሚሸከሙ የብረት መቆሚያዎች፣ ለጎማ የሚሆን ድንጋይ ወይም ግንድ ያስፈልግዎታል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አንድ ደቂቃም አይግቡ። ጉድጓድ ያለበት ቦታ ካገኙ ከሁሉም ይሻላል፤ መኪናው ሜዳ ላይ እንደቆመ ስለሚቀር ልኬቱም አይዛባም። በተረፈ ሰፊ ሳህን፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ ቀጭንና ረጅም አንገት ያለው ዘይት መቅጃ፣ አዲስ ማጣሪያ ከነጓርኒሲዮኑ (ከነማሸጊያው)፣ ለማፍሰሻው ብሎን አዲስ ሮንዴላ፣ የእጅ ጓንት። ከሁሉም በላይ ግን አራት አንድ ዓይነት ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙሶች። በሁሉም ላይ በየሩብ ሊትሩ በማርከር ምልክት ያድርጉ። ሁለቱ ለሚወጣው፣ ሁለቱ ለሚገባው ናቸው።

ማፍሰስ

መኪናውን 10 ደቂቃ ያህል ነድተው ይመለሱ። ዘይቱ ሞቅ ሲል ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፤ በጣም የጋለ ከሆነ ግን ቆዳ ይልጣል፣ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ከማፍሰስዎ በፊት መሙያው መከፈቱን ያረጋግጡ። መለኪያ ዘንግ ባለው መኪና መሙያው የዘንጉ ቀዳዳ ነው። ዘንግ በሌለው መኪና ግን በጎን ያለውን የመሙያ ብሎን ቀድመው ይፍቱት። ማፍሰሻውን ከፍተው ካደረቁ በኋላ መሙያው ዝጎ አልፈታ ካለ መኪናው ባለበት ተገትሮ ይቀራል።

የማፍሰሻውን ብሎን በትክክል ይለዩ። የኮሮላ ሞተር ዘይት ማፍሰሻ በ14 ቁልፍ የሚፈታ ጭንቅላት ያለው ብሎን ነው። የካምቢዮው ግን ከውስጥ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለውና በ10 ብሩጎላ የሚፈታ ነው። ሁለቱን አምታቶ የሞተሩን ዘይት የሚያፈስ፣ ከዚያ በሞላው ካምቢዮ ላይ ሌላ 4 ሊትር የሚጨምር ሰው ብዙ ነው። ቀለሙን ያዩታል፤ ከሞተሩ የሚወርደው ዘይት ሽታውም ሌላ ነው።

ብሎኑን ፈትተው እስኪንጠባጠብ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ከዚያ ከሳህኑ ወደ ጠርሙሶቹ ይገልብጡና ልኩን ይጻፉ። የእኔ መኪና 3 ሊትር ገደማ ትለቃለች። ካምቢዮዋ በጠቅላላው የሚይዘው ግን 7 ሊትር ያህል ነው፤ የቀረው በቶርክ ኮንቨርተሩና በማቀዝቀዣው ቱቦዎች ውስጥ ተኝቷል። በሌላ መኪና ቁጥሩ ይለያያል። የወጣው ከተጠበቀው በጣም ካነሰ ቀድሞውኑ ጎድሎ ነበር ማለት ነውና የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልጉ።

ቋቱን ማውረድ፣ ማጣሪያውና ማግኔቶቹ

ብዙ መካኒኮች እዚህ ላይ ብሎኑን መልሰው ይሞላሉ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዙር ልክ ናቸው። ለመጀመሪያው ዙር ግን፣ በተለይ ታሪኩን በማያውቁት መኪና፣ የታችኛውን የዘይት ቋት እንዲያወርዱ አጥብቄ እመክራለሁ። ካምቢዮው ስለ ራሱ እውነቱን የሚናገረው እዚያ ነው።

የዙሪያውን ብሎኖች አንዱን ከአንዱ ትይዩ እያደረጉ ቀስ በቀስ ያላሉ። በአንድ ማዕዘን ሁለት ብሎን ቀርቶ ሌላው ሲፈታ ቋቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ውስጡ የቀረው ዘይትም እዚያ ይወርዳል፣ ሳህኑን ከሥር ያድርጉ። ቋቱ ሲወርድ ውስጡ የተለጠፉ ትንንሽ ማግኔቶች ያገኛሉ። በእኔ መኪና ማግኔቶቹ ላይ ጥቁር ግራጫ ለስላሳ ጭቃ እንደ ጃርት እሾህ ቆሞ ነበር። በጣቴ ሳሸው እንደ ኩል ልስልስ ብሎ ተቀባ። ያ የተለመደ እርጅና ነው፤ ከ240 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳ ያ ባይኖር ነው የሚደንቀኝ። በጣት ሲታሽ የሚሻክር፣ መርፌ ወይም የሚስማር ፍቅፋቂ የሚመስል ቁራጭ ካለ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተፈረፈረ ነው። የጥቁር ሸራ ስንጥሮች በብዛት ካሉም ሸራው እያለቀ ነው። ምንም ዓይነት ቢሆን ፎቶ አንሥተው ይያዙ፤ ለመካኒክ ከቃልዎ ይልቅ ያ ይናገራል።

ማግኔቶቹን ጠርገው የነበሩበት ቦታ ይመልሱ። ማጣሪያውን የያዙትን ብሎኖች ፈትተው በአዲስ ይተኩ፤ አንዳንዱ ብሎን ከሌላው ስለሚረዝም የትኛው ከየት እንደወጣ ይያዙ። የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ይፋቁ እንጂ በካቻቢቴ አይቧጥጡ፤ አሉሚኒየሙ ከተጫረ ያፈሳል። ጓርኒሲዮኑ የጎማ ወይም የቡሽ ከሆነ ሲሊኮን አይቀቡበት። ወደ ውስጥ የተጨመቀው ሲሊኮን ይቆረጥና ከማጣሪያው ይለጠፋል።

ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ አስይዙ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር እያመሰቃቀሉ ያጥብቁ። የቋት ብሎን ጥብቀት በብዙ መኪኖች ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ነው። ይህ በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ጉልበት ብቻ የሚገኝ ጥብቀት ነው። እስኪያቃስት የሚያጠብቅ ሰው ወይ ቋቱን ያጎብጣል ወይ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል። የማፍሰሻውን ብሎን በአዲስ ሮንዴላ ይዝጉ።

መሙላትና መለካት

ያወጡትን ያህል ይመልሱ። ሕጉ ይኸው ነው። የወጣው 3 ሊትር ከሩብ ከሆነ መጀመሪያ 3 ሊትር ብቻ በቀስታ በመቅጃው ያስገቡ። የቀረችውን ሩብ የሚወስነው ልኬቱ ነው።

ልኬቱ የሚሠራው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ሞተሩን ያስነሡ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ እግርዎ ፍሬኑን እንደረገጠ ማርሹን ከፒ ጀምሮ እስከ ኤል ድረስ በየቦታው ሁለት ሦስት ሰከንድ እያቆዩ ያሳልፉትና ወደ ፒ ይመልሱ። ይህ ባዶ የሆኑትን ቱቦዎች ይሞላል። ሞተሩ እየሠራ ዘንጉን መዝዘው ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሰው ይክተቱ፣ እንደገና ይምዘዙ። የቶዮታ ዘንግ ሁለት ክልል አለው፤ ታችኛው ለቀዝቃዛ፣ ላይኛው ለሙቅ። አሁን የሚያነቡት ቀዝቃዛውን ነው። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ግን ሙቁ ብቻ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል በከተማ ነድተው፣ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ፣ ያንኑ በሙሉ ይድገሙት። ከሙቁ ክልል በታች ከሆነ በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ደግመው ይለኩ። የዘንጉ ሁለት ገጽ የተለያየ ካሳየዎት ዝቅተኛውን ይመኑ፤ ከፍ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከቱቦው ግድግዳ የተቀባ ነው።

«ትንሽ ይብዛ፣ አይጎዳም» አይበሉ። ሲበዛ የሚሽከረከሩት አካላት ዘይቱን እንደ እንቁላል ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይሸከምም፤ ማርሹ መንሸራተት ይጀምራል። ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ውጤቱ ያው ነው። ከበዛ በማፍሰሻው በትንሹ ያውርዱ።

ሆንዳ ላላችሁ፣ አብዛኛው ሆንዳ የሚለካው ሞቆ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነው እንጂ እየሠራ አይደለም። ዘንግ በሌላቸው አዳዲስ ቶዮታዎች ደግሞ ልኩ የሚታወቀው ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከሥር ባለው የትርፍ መውጫ ቀዳዳ ነው። ሙቀቱን የሚያነብ የኮምፒውተር መመርመሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መሣሪያ አይሞክሩት።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር

ከ7 ሊትር ውስጥ 3ቱን ሲቀይሩ አዲሱ ዘይት 43 በመቶ ያህል ነው። ደግመው 3 ሊትር ሲቀይሩ 67 በመቶ፣ በሦስተኛው 81 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ በላይ መሄድ ትርፉ ትንሽ ነው። በየዙሩ መካከል ሁለት ሳምንት ወይም ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ይንዱ። ለብዙ ኪሎ ሜትር መኪና ይህንን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። አዲሱ ዘይት የተጋገረውን ቆሻሻ በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ እያለ ያነሣዋል፣ ያነሣውም በሚቀጥለው ማፍሰስ ይወጣል። በማሽን ግፊት የሚደረገው እጥበት በየጊዜው ዘይቱ ሲቀየርለት ለኖረ መኪና ችግር የለበትም። 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይነካ ለቆየ ግን ከየጥጉ የነቀለውን ቆሻሻ ዘይቱን ወደየማርሹ ወደሚያከፋፍለው ክፍል፣ ወደ ቫልቭ ቦዲው ቀጫጭን መንገዶች ሊነዳው ይችላል፤ ለእኔ መኪና አላደርገውም።

በዙሮቹ መካከል በየጠዋቱ የቆመበትን መሬት ይዩ። አንዲት ቀይ ጠብታ ካገኙ የቋቱን ብሎኖች በእጅ ይፈትሹ፤ አሮጌ ካርቶን ከሥሩ ዘርግተው ማደር ጠብታው ከየት እንደሚወርድ ያሳያል። አሮጌውን ዘይት በጠርሙሶቹ ይዘጉና አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ያስረክቡ። ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት የሚሄደው ሰዎች ልብስ ወደሚያጥቡበትና ጎመን ወደሚያጠጡበት ወንዝ ነው።

የእኔ ኮሮላ ወረቀት አራት ጠብታዎች አሉት። የመጀመሪያው የጀበና አተላ፣ ሁለተኛው ሻይ፣ ሦስተኛው ጠቆር ያለ ቀይ፣ አራተኛው ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ። ከእያንዳንዱ ሥር ቀኑና ኪሎ ሜትሩ አለ። በፊት ወንበር መሳቢያ ውስጥ ከመኪናዋ ሰነዶች ጋር አስቀምጨዋለሁ። ከመጨረሻው ዙር 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ አምስተኛውን ጠብታ ከጎኑ አደርጋለሁ።